ፕሮፌሰሩ ያልሞቱበት መጽሐፍ

ኦርቴንሲያ ፋንቲ በፌራራ ከተማ ሰው በመግደል ትታወቃለች። የምትገድለው በልብ ወለድ ነው፤ ያውም በጥንቶቹ መሳፍንት ዘመን፣ በመርዝና በጩቤ። መጽሐፎቿን ጣሊያን ሁሉ ያነባቸዋል። የፌራራ ሰው ግን የሚያነበው ፕሮፌሰር ኤርሜቴ ዞቦሊ በዚህኛው እንዴት እንደሚሞቱ ለማየት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ተማሪያቸው ሳለች ነው። የመጀመሪያ ድርሰቷን «እስቲ ይዩልኝ» ብላ ሰጠቻቸው። «ገና ጥሬ ነው፣ ልጄ» ብለው አስቀሩት። ብዙም ሳይቆይ በራሳቸው ስም ታትሞ ወጣ፤ ተሸለሙበትም። ጮኸች። ማን ይስማት? ቅናት ነው ተባለ፤ አብዳለች ያሉም ነበሩ። አባቷ እንኳ «ተይው፣ ስማችንን አታስጠፊ» አሏት።

አልተወችውም። በቀጣዩ መጽሐፏ አንድ የመስፍን ጸሐፊ ገባ፤ ሲዋሽ ግራ ጆሮውን የሚጎትት፣ ገጽ ሲገልጥ አውራ ጣቱን የሚልስ። ከተማው ወዲያው ለያቸው። ጸሐፊው ቤተ መንግሥቱን በከበበው ውሃ ሰጠመ። በሌላኛው ባለቅኔ ሆኖ መጣና በክራር ጅማት ታነቀ። ከዚያ ደግሞ ጳጳስ ሆኖ የተመረዘ ዓሣ በላ። እሳቸውን የገደለችበት ቀን እራቷ ይጣፍጣት ነበር።

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ከቤት መውጣት ተዉ። ኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ኒቬስ አንድ ቀን በበሯ ሲያልፉ አይታ፣

«ፕሮፌሰር! ዘንድሮስ በምን ሊሞቱ ነው?» ብላ ጮኸችባቸው።

«በሰይፍ ይሻለኛል፤ መርዙ ጨጓራዬን ጨረሰው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ከሩቅ የመጣ አንባቢ ሁሉ የሞቱበትን ገጽ ያስፈርማቸው፣ ወይን ይጋብዛቸው ጀመር። ኦርቴንሲያ በመስኮቱ አየቻቸው፤ አውራ ጣታቸውን እየላሱ የእሷን መጽሐፍ ሲፈርሙ። ደሟ ፈላ።

«ደግሞ ሰረቀኝ!» አለች።

አዲሱ መጽሐፍ ሲወጣ ፕሮፌሰሩ ወዳጆቻቸውን ኒቬስ ቤት ሰብስበው ማንበብ ጀመሩ። ጸሐፊ የለም፤ ባለቅኔ የለም፤ ጆሮውን የሚነካ በቅሎ ነጂ እንኳ የለም።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዳኑ!» አለች ኒቬስ። ማንም አልሳቀም። አስፈራሚውም እያደር ቀረ።

ፕሮፌሰሩ ኦርቴንሲያ ደጅ ድረስ ሄዱ።

«የት ነው ያለሁት?»

«ምኑ ላይ?»

«አታሹፊ! ደጋግሜ አነበብኩት።»

«የለህማ» አለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረችው ሴት።

«መልሺኝ። ውሻ ቢበላኝም ግድ የለኝም።»

«የመጀመሪያው መጽሐፍ የማን ነው?»

እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፤ ከመንገድ ተመለሰ። «ያንቺ።»

«ለእኔ አይደለም የምትነግረው። ኒቬስ ቤት፣ ሰው ሲሞላ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው ተናገሩ። ኒቬስ የምትወለውለውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ልጅቷን እብድ ስንላት እኮ አጠገባችን ቆመው ነበር!» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልቀዳችላቸውም።

መጽሐፉ በኦርቴንሲያ ስም እንደገና ታተመ። ፕሮፌሰሩ ቃል የተገባላቸው መስሏቸው ቀጣዩን ጠበቁ፤ በወጣ ዕለት ገዝተው እዚያው መደብሩ ውስጥ ቆመው አገላበጡት። አልነበሩበትም። ከዚያ በኋላ በመጣውም አልነበሩም።

በመጨረሻ አልጋቸው ላይ በእርጅና ሞቱ። የቀብሩ ዕለት ኦርቴንሲያ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች።