ሚኒስትሩ ምሳ ሲገቡ

ዛሬ ምሳ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ሲገቡ እያየሁ ሳልነሳ ቀረሁ።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሮዝዌል ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኪችን ውስጥ ነው። ሰውየው እዚያው የሚኖሩ የደቡብ አሜሪካ ሰው ናቸው፤ በአገራቸው የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። "አገሬን ከሽፍታ ያዳንኩት እኔ ነኝ" ይሉኛል። ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው የሚበሉት። እኔም የምሳ ብሬኬን እዚያው መመገቢያ አዳራሽ ጥግ ላይ ብቻዬን ነው የማሳልፈው።

ደሴ ያደገ ሰው ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ አያይም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ብድግ አልኩላቸው። እሳቸው የወታደር ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ በዕድሜዬ የያዝኩት መሣሪያ ጭልፋ ብቻ ነው፤ ግን አላረምኳቸውም።

ከዚያ ስሜን ጠርተው "እንዴት ዋልክ?" ይሉኛል። እዚህ አገር ስሜን ሳያሳጥር የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ሮሳ አስቆመችኝ። ያገራቸው ልጅ ናት።

"ለምንድን ነው የምትነሳለት? በሱ ጊዜ ወታደሮች ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።"

"ተከሰው ፍርድ ቤት ነጻ እንዳላቸው ነግረውኛል" አልኳት።

"አዎ፣ ነጻ ብሎታል። እናቴ ግን አሁንም ማታ በሩን አትቆልፍም።"

ምሳ ላይ ሚኒስትሩ ገቡ። እጃቸው ግንባራቸው ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። እኔ ሳህኔን እያየሁ ቁጭ አልኩ፤ ጉልበቴ ግን ሊነሳ ይታገለኝ ነበር።

ስሜን አልጠሩትም።

እናንተስ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቁ ስትነሱለት የኖራችሁት ሰው አለ? ካወቃችሁ በኋላስ፣ ሲገባ ተነሳችሁለት?