በባለቤቴ ቦታ የተቀመጠው ከረጢት

አማቴ ሸራ ሰፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጀልባ ሸራ ሲጠግኑ ኖረው ለራሳቸው ያተረፏት አንዲት ሚጢጢ የሸራ ጀልባ ናት። ሰፈሩ «ካፒቴን» ይላቸዋል፤ ግማሹ ለክብር፣ ግማሹ ለቀልድ። እሳቸው ለሁለቱም አቤት ይላሉ። እኔና ልጆቼ ግን አባባ ነው የምንላቸው።

ጀልባዋ ትንሽ ስለሆነች ሚዛኗ የሚጠበቀው በሰው ክብደት ነው። አባባ ከመሪው ጋ፣ ሚስታቸው እማማ ከምሰሶው ሥር፣ እኔና ሁለቱ ልጆች በቀኝ፣ ባለቤቴ በግራ። ባለቤቴ አምና ሞተ። ውሃ አይደለም የወሰደው፤ ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች።

ከዚያ ወዲህ ደንዝዣለሁ። ሲያጽናኑኝ አመሰግናለሁ፣ ልጆቹን አጥባለሁ፣ እተኛለሁ። ለቅሶዬን የሚጠብቁ ሰዎች ግራ ገብቷቸዋል፤ እኔም ግራ ገብቶኛል።

የዚያን እሑድ ግን የምናገረው ነገር ነበረኝ። እህቴ ያለችበት ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ልጆቹን ይዤ ልሄድ ነው። ከልጃቸው የተረፏቸውን የልጅ ልጆች ልወስድባቸው። ጀልባ ላይ ብነግራቸው ተነስቶ የሚሄድ አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ብልጠቴ እዚህ ድረስ ነው።

ጀልባዋ ጋ ስንደርስ በባለቤቴ ቦታ ከሸራ የተሰፋ ትልቅ ከረጢት ተቀምጧል።

«ምንድነው አባባ?» አለች ልጄ።

«አሸዋ ነው። ያባትሽን ክብደት ያህላል» አሉ እንደ ዋዛ። «ያለሱ ታጋድልብናለች።»

እማማ የሕይወት አድን ጃኬቶቹን አደሉ። እንደ ድሮው ይዘው መጥተው ኖሮ አንድ ተረፋቸው። ትንሽ አመነቱና ለከረጢቱ አለበሱት፤ ማሰሪያውንም ጠበቅ አደረጉት።

«ይሰምጣል እንዴ?» አለ ትንሹ ልጄ።

«አሁን አይሰምጥም» አሉ እማማ።

ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። አባባ ሸራውን ሊያዞሩ ሲሉ «ራስ» ይላሉ፤ አግዳሚው እንጨት እንዳይመታን ሁላችንም ጎንበስ እንላለን። ወሬዬ ምላሴ ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር «ራስ» ይባላል፤ ቀና ስል ድፍረቴ የለም። ልጆቹ ከረጢቱን ተደግፈው ብስኩት በሉ። ልጄ ከጃኬቱ ላይ ፍርፋሪ አራገፈች፣ ለአባቷ ታደርግ እንደነበረው። አየኋት። ምንም አልተሰማኝም። ወሬዬን ሳልተነፍስ ተመለስን።

የታጠፈውን ሸራ ይዤ ወደ አባባ የስፌት ክፍል ገባሁ። ከስፌት መኪናው አጠገብ ሌሎች ባዶ ከረጢቶች አሉ፤ አንድ መካከለኛ፣ ሁለት ትንንሽ። አፋቸው ገና አልተሰፋም።

አባባ ከኋላዬ ገቡ።

«እህትሽ ለእማማ ነግራታለች» አሉ። «እስክትነግሪን ሆድ ይፍጀው ብለን ነው።»

«እነዚህስ?»

«እናንተ ናችሁ። ጀልባዋ ባዶዋን ከሆነች ነፋስ ይጫወትባታል።» መካከለኛውን አንስተው አገላበጡት። «ልጆቹን በዘዴ ሚዛን ላይ አውጥቻቸዋለሁ። አንቺን ግን ሴት ልጅን ስንት ኪሎ ነሽ ማለት ነውር ሆኖብኝ ነው።»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩን ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ፤ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አባባ መርፌያቸው ውስጥ ክር እያስገቡ እስክጨርስ ጠበቁኝ።