የአፀደ ኮምጣጤና የደጃፉ ቋጠሮ

አፀደ በረኪናን የምትጠላውን ያህል ሰው ጠልታ አታውቅም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ጭር ባለበት በዚያ ጊዜ፣ ከደብረ ብርሃን ተነሥታ ለአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ሠራተኛ ሆና ጄኔቫ ገባች። ቤቱ ቶኔ በሚባል የከተማው ዳርቻ ያለ ቪላ ነው። አምስት መታጠቢያ ቤት አለው፤ አራት ሰው ለሚኖርበት ቤት አምስት! አምስቱም በየቀኑ በበረኪና ይታጠባሉ። በሦስት ወር ውስጥ የእጇ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ደም ያወጣ ጀመር፤ ደረቷም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር። ማዳምን ጓንት ጠየቀቻት። ማዳምም አልከፋች፣ ሰጠቻት፤ አንድ ጥንድ፣ ለዓመቱ።

እንግዲህ ሰው ሲጨንቀው እናቱን ነው የሚያስበው። የአፀደ እናት እማማ በቀለች ጠላ ሻጭ ነበሩ። ጋናቸውን በግራዋ ፈትገው፣ በወይራ አጥነው፣ ነጠላቸውን በእንዶድ አጥበው የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሳሙና የሚገዙት ለእንግዳ ብቻ ነበር። ጄኔቫ ላይ ግራዋ ከየት ይምጣ! አፀደ ግን ብልኃት አላጣችም። የቤቱ ሰዎች ጨምቀው የሚጥሉትን የሎሚ ልጣጭ ማሰሮ ውስጥ ጠቅጥቃ ኮምጣጤ ሞላችበት። የማርሴይ ሳሙና ፈቀፈቀች፤ ዳቦ መጋገሪያውን ሶዳ ጨመረች። ቅዳሜ ገበያ ደግሞ አንድ አበባ ሻጭ ዘንድ ጤና አዳም በሸክላ ተተክሎ አገኘች። ሰውየው ድመት ማባረሪያ ነው ብሎ ነው የሸጠላት። ጉድ እኮ ነው፤ እኛ ሰይጣን የምናባርርበትን እነሱ ድመት ያባርሩበታል።

ሥራው ሥርዓት ነበረው። ማሰሮው ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። ረቡዕና ዓርብ አይነካም። ሲማሰል ሦስት ጊዜ በሥላሴ ስም ነው፤ በየዙሩም እናቷ ጋኑ ላይ ይሉት የነበረውን ትላለች፦ ክፉው ይውጣ፣ ደጉ ይግባ። ወለል ስትወለውል ከጓዳ ጀምራ ወደ በሩ ነው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ ማንም አያስወለውላትም። ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ ነበራት፤ ለሰው ጥበቃ የሚደረግ ነገር ለዚያ ሰው አይነገርም። የተነገረ መድኃኒት ከውኃ አይሻልም ይሉ ነበር እናቷ። ይህች ሕግ ናት በኋላ ጉድ የሠራቻት።

በየዲፕሎማቱ ቤት የሚሠሩ የአገሯ ልጆች እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ከአፀደ ጠርሙስ ይቀበሉ ጀመር። እጃቸው ዳነ፤ ሳላቸው ተዋቸው። ከእነሱ አንዷ ትርፍነሽ ነበረች። ትርፍነሽ ስትስቅ ሰው ዘወር ብሎ የሚያያት፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። አፀደን ደብተራዬ ብላ ስም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ሁሉም ተቀበለና ደብተራዋ መጣች፣ ደብተራዋ ሄደች እያሉ ይስቁ ነበር። አፀደም አብራ ትስቃለች።

ትርፍነሽ ፓስፖርቷን ከቀማት አሠሪ ቤት ስትጠፋ፣ አፀደ ቪላው ውስጥ፣ ልብስ መተኮሻው ክፍል፣ ዘጠኝ ቀን ደብቃ አኖረቻት። ቢያዙ ሁለቱም ተያይዘው አገራቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ እኅትማማች ሆኑ ማለት ይቀላል። ትርፍነሽ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራውን ይልማን አግብታ እዚያው ጄኔቫ አጠገብ፣ ላንሲ ቤት ተከራየች፤ ሔቨን ተወለደች። ክርስትና ያነሣቻት አፀደ ናት። አፀደ ልጅ የላትም፤ ያላት ሔቨን ነበረች። በኋላ ለራሷም ወረቀት ወጣላትና ከቪላው ወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ላንሲ ሄዳ ልጅቷን ታጥባለች፣ ቤቱን ትወለውላለች፣ ተሣሥቀው ይውላሉ። ይህን ጊዜ ደስተኛ ነበረች፤ ማንም ቢጠይቃት አትሸሽግም ነበር።

ሔቨን አራት ዓመት ሲሞላት ትርፍነሽ እንደገና አረገዘች። ሰባተኛ ወሯ ላይ አፀደ ቤቱን በጠንካራው ማሰሮ፣ ጤና አዳሙ በበዛበት፣ ከመኝታ ቤት እስከ ደጃፍ አጠበችው። ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ጤና አዳም ቋጥራ፣ ከውጭ በኩል ካለው የእግር መጥረጊያ ሥር ሸጎጠች። ቡዳ የፅንሱን ደጅ እንዳይረግጥ ነው። እንደ ሕጉም ለማንም አልተናገረችም።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ለቅሶ ደራሽ ቤቱን ሞላው። ምንትዋብ የምትባል፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሴት፣ ጭቃ የያዘውን የእግር መጥረጊያ ላራግፍ ብላ ብታነሣው ጥቁሩ ቋጠሮ ዱብ አለ። ይኸኔ የአገሬው ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ቆሻሻ ነው ብሎ ይጥለው ነበር። ሐበሻ ግን ደጃፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ሲያይ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው። ምንትዋብ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ገባችና፣ ደንቃራ ተጥሎብሻል፣ ይኸው፣ አለቻት ለትርፍነሽ።

አፀደ ብትዋሽ ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? ሞኝ! መዋሸት አልሆነላትም።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለች። «ለጥበቃ ነው፣ ትርፌ። እናቴ ትሙት ለጥበቃ ነው።»

ትርፍነሽ ከተኛችበት ቀና አለች። ከዚያ ያን ሁሉ ለቀስተኛ እያሰማች፣ «ልጅ ስለሌለሽ ነው» አለቻት። «ዓይንሽን ከሔቨን ላይ አንሺ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።»

በዚያው አለቀ። ደብተራ የሚለው ስም ከቀልድነት ወጣ። በየቤቱ ያለው ጠርሙስ መጸዳጃ ቤት ተደፋ፤ እጃቸውን ያዳነችላቸው ሴቶች እሑድ አግዳሚው ላይ እሷ ስትቀመጥ ልብሳቸውን ሰብስበው ፈቀቅ ይሉ ጀመር። ምነው እግዜር አይታዘባቸውም! አፀደ አንድ ዓመት ቻለችው፤ ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ ዙሪክ ገባች።

አልትሽቴተን በሚባል የከተማው ሰፈር ቢሮ ማጽዳት ያዘች። ሕንፃው ስድስት ፎቅ ነው፤ መስታወት ብቻ። የራሷን ጠርሙስ ይዛ ስትመጣ የሥራ ኃላፊዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ አሽታ ካየችው በኋላ ግን ተወቻት። አሁን አፀደ የምትሠራው ሎሚና ኮምጣጤ ብቻ ነው፤ ጤና አዳም የለ፣ ቃል የለ፣ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። መስታወቱ ያው ያበራል። ይህ ነገር ዕረፍት ሰጥቷት ነበር፤ ቃሌ መስታወት እንኳ ማጥራት ካልቻለ እንዴት ሕፃን ይገድላል ትል ነበር ለራሷ። ትርፍነሽ ይህን ብትሰማኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጭ ብላ ብትሰማኝ፣ ታምነኛለች ብላ በየእንቁጣጣሹ ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፣ ይዘጋል።

በሦስተኛው ዓመት ግን ያቺም ዕረፍት ሄደች። ከምትኖርበት ሕንፃ ጀርባ የአትክልት ቦታ ያላቸው አንዲት የአገሩ አሮጊት አሉ። አጥራቸው ሥር ጤና አዳም በቅሎ አይታ፣ በማትችለው ጀርመንኛ፣ በአገራችን ይህ የተባረከ ቅጠል ነው አለቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅጠሉን ነኩ፣ ሆዳቸውን አሳዩ፣ ጣታቸውን ግራ ቀኝ አወዛወዙ፤ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሆንም፣ ጽንስ ያስወርዳል ማለታቸው ነው። አፀደ ቆማ ቀረች። ቤቱን ባጠበችበት በዚያ ቅዳሜ ትርፍነሽ ባዶ እግሯን ርጥቡ ወለል ላይ ስትመላለስ ታየቻት። ሲጠጣ ነው እንጂ በእግር ይገባል ወይ ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበራት። እኔ ነኝ የገደልኩት አለች፤ ገደልኩትም ብላ ኖረች።

ንስሐ ገባች። አባ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው ብለው ቀላል ቀኖና ሰጧት፤ እሷ ግን በላዩ ጨምራ ጨማምራ ሰገደች፣ ጾመች። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ የጠየቃትን፣ አውቶቡስ የሚነዳውን ሙላቱን መለሰችው። ደግ ሰው ነበር። ሕፃን ቤቴ ቢመጣ ምን ብዬ አቅፈዋለሁ ብላ ነው። ይህን ግን አልነገረችውም፤ ትንቀኛለች ብሎ ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የደወለው ይልማ ነበር። ትርፍነሽ ሆስፒታል ናት፤ ሕመሙ ጉበቷ ደርሷል፤ ልታይሽ ትፈልጋለች አላት። አፀደ በማግስቱ ከሥራዋ አስፈቅዳ ባቡር ተሳፈረች። ሦስት ሰዓት ያህል ስትጓዝ የምትለውን ታጠና ነበር። ስለ ቅጠሉ እነግራታለሁ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምናለሁ፣ ብትረግመኝም እቀበላለሁ አለች።

ትርፍነሽ አንሶላው ውስጥ የለችም ማለት ይቻላል፤ የቀረው ዓይኗ ነው። አፀደ አልጋው ሥር ተንበረከከች፤ ጀመረች፤ ጤና አዳሙ እኮ ነው ትርፌ፣ እኔ አላወቅኩም ነበር…

«ተይ» አለቻት ትርፍነሽ። «እትብቱ ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞበት ነበር። ሐኪሙ የወለድኩ ዕለት በዓይኔ አሳይቶኛል።»

አፀደ ወዲያው አልገባትም። የወለድሽ ዕለት ማለት ቋጠሮው ሳይገኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። አዎ፣ በፊት ነው አለች ትርፍነሽ።

«መንቀሳቀሱን ካቆመ ቀን ሆኖት ነበር፤ ነገ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ እያልኩ ዋልኩ። ለምን ቶሎ አልሄድሽም ብሎ ይልማ ሊጠይቀኝ ነው ስል፣ ምንትዋብ ያንን ይዛ ገባች። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም።»

አፀደ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

«እኔ እኮ አምኜ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ነው የኖርኩት።»

ትርፍነሽ ይህን አላሰበችም ነበር። ተቀይማኛለች፣ ረግማኛለች ብላ እንጂ፣ አፀደ ራሷን ትጠረጥራለች ብላ ለአንድ ቀንም አላሰበችም። ያቺ ሣቂታ ሴት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ይቅር በይኝ አለቻት። አፀደ ሙላቱን አሰበች፤ ባዶውን ቤቷን አሰበች።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለች።

እንዲህ የሚባለው መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለእግዜር የሚተወው ሰው ራሱ አልሆንለት ሲለው ነው። ትርፍነሽም ገባት፤ ራሷን ነቅንቃ ዓይኗን ጨፈነች። አፀደ ስትወጣ በሩ ላይ አንዲት ረዥም ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንደያዘች ቦንዡር ማዳም ብላ አሳለፈቻት። ሔቨን ናት። አላወቀቻትም።

አፀደ ዙሪክ ተመልሳ ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ተሟገተች። ተናደደች፣ አለቀሰች፤ መስታወት እየወለወለች ብቻዋን ተሳደበች። በአራተኛው ቀን የሆነ ነገር ከደረቷ ለቀቀላት። ያን ቀን ያልወጣላት ቃል አሁን አፏ ላይ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ናት፤ ለቅዳሜ ቲኬት ቆረጠች።

ትርፍነሽ ሐሙስ ዐረፈች።

አፀደ በዚያው ቲኬት ቅዳሜ ላንሲ ደረሰች። በሩን የከፈተችላት ሔቨን ናት፣ ጥቁር ለብሳ። ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ልጅቷ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣

«እማ ሐሙስ ጠዋት፣ መጣች ወይ፣ መጣች ወይ አለችኝ» አለቻት። «ማን? ብዬ ጠየቅኳት። አልመለሰችም። አንቺን ነው?»

«አዎ» አለች አፀደ። «እኔን ነው።»