ጨው ያሰባሰበው ክር

በደርግ ዘመን ሆሳዕና ላይ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ዶዮገና ስለሆነ ለአገሬ ቅርብ መመደቤ ደስ ብሎኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ግን ጥቂት የሙከራ ቱቦዎችና ሌንሱ የተሰነጠቀ ማይክሮስኮፕ ብቻ ነበር ያለው።

አንድ ቀን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ዲኤንኤን በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ አልኳቸው። የኬሚስትሪው መምህር፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የቦኖሻ ሰው፣ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

"ልጄ፣ በዚያ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታየውን በባዶ ዓይን ልታሳዪ ነው?"

ከክሊኒክ አልኮል ለምኜ አመጣሁ። ሽንኩርት ወቀጥን፤ የዱቄት ሳሙና በውሃ በጥብጠን ጨመርንበትና በሻሽ አጠለልነው። አልኮሉን በቱቦው ጠርዝ በኩል ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ክፍሉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ምንም የለም። በር ላይ ቆመው ያዩ የነበሩት የኬሚስትሪው መምህር ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ይህ ከሳቃቸው ይልቅ አመመኝ።

ልጆቹ ሲወጡ ከሙዱላ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ወደ ኋላ ቀረች።

"ቲቸር፣ የዲኤንኤ ክር ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው ብለውናል። ኔጋቲቭና ኔጋቲቭ ደግሞ ይገፋፋሉ። ታዲያ ክሮቹን ማን ያሰባስባቸዋል?"

ክው አልኩ። ጨው ረስቼአለሁ። ጨው ሲሟሟ የሶዲየም አዮን ይለቃል፤ አዮኑ ፖዘቲቭ ስለሆነ ክሩን ተጠግቶ መገፋፋቱን ያበርደዋል። አልኮል ሲጨመርበት ክሮቹ የሚሰባሰቡት ያኔ ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ አልፌበታለሁ፤ እጄ ግን አላወቀውም ነበር።

"ነገ ጨው ይዘሽልኝ ነይ" አልኳት።

በማግስቱ በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። ሽንኩርቱን በክፍሉ ፊት እንደ ትናንቱ አዘጋጀን፤ ጨውን ራሷ ጨመረች፣ አልኮሉን ራሷ አፈሰሰች። ሁለቱ ፈሳሾች በተገናኙበት መሐል ነጭ ነገር ደመና መሰለ፤ ከዚያ እንደ ቀጭን ቃጫ እየተሳበ ወደ ላይ ወጣ።

"መጣ" አለች፣ በቀስታ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። መምህሩ ድምፁን ሰምተው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ በስንደዶ ክሩን ጠቅልለው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት።

"አዮን ሳስተምር ስንት ዘመኔ" አሉ፤ "እንዲህ ሲሠራ ግን አይቼ አላውቅም።"

ጠያቂዋ ማን እንደሆነች ስነግራቸው ዞረው እጇን ጨበጡ። ቱቦውን ራሳቸው ይዘው ወደ መምህራን ክፍል ሲያመሩ እኔና እሷ ጎን ለጎን፣ ደረታችንን ነፍተን ተከተልናቸው።