አስረስ ያልጠየቀው ደም

አስረስን ያወቅሁት ሀርጌሳ ነው። እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ እዚያው ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ላይ ጨርቅ እነግድ ነበር። እሱ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ስሰግድ እሱ ሬዲዮኑን ይቀንሳል፤ እሱ ሲጾም እኔ የሥጋ ወጤን ይዤ በራፉ ላይ አልቀመጥም። ተነጋግረንበት አይደለም፤ እንዲያው እንዲህ ሆነ።

ድሮ ሐረር በጦር ሠራዊቱ ሐኪም ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከመማረክ ብሎ ድንበር ተሻገረ። ሀርጌሳ ሲደርስ ከተማዋ ጣሪያ የላትም። ከሦስት ዓመት በፊት በቦምብ ፈርሳ፣ ሰዉ ከስደት ካምፕ እየተመለሰ በቆመው ግድግዳ ላይ ሸራ ይወጥር ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ጂብሪል የሚባል ሰው «ማይክሮስኮፕ የሚያይ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ አስረስ እጁን አወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሶማሊኛውን በሁለት ዓመት ለመደ። አርባ ዓመት ሞልቶት ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናደድ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል።

በ1987 ኅዳር ላይ በአየር ማረፊያው በኩል ውጊያ ተነሣ። የመንግሥት ወታደርና የአንድ ወገን ሚሊሻ ነው የተጋጠመው፤ ሁለቱም የዚያው አገር ልጆች፣ ብዙዎቹም በጋብቻ የተሳሰሩ። ከተማዋ እንደገና ባዶ መሆን ጀመረች። ቁስለኛው ግን በየቀኑ ይመጣል።

ሆስፒታሉ የሚታመን መብራት ስላልነበረው ደም ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አስረስ ያስቀመጠው ሰዎቹን ነው፤ በደብተር። ስም፣ ሰፈር፣ የደም ዓይነት፣ መጨረሻ የሰጡበት ቀን። የኤድስ መመርመሪያውም ጥቂት ስለነበረ አንዴ ተመርምሮ ነጻ የሆነን ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው። ሕግም አውጥቶ በሶማሊኛ በር ላይ ለጥፏል፤ ሦስት ወር ያልሞላው አይሰጥም፣ የራሱ ደም ያነሰው አይሰጥም፣ ማንም በግድ አይሰጥም።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ወለተማርያም ነበረች። የደምቢያ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ትኖራለች። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው። ይህ ዓይነት ደም ለማንም ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን ከራሱ ዓይነት በቀር የሌላ አይቀበልም። በዚያች ባዶ ከተማ አስረስ የሚያውቃት የዚህ ደም ባለቤት እሷ ብቻ ነበረች። ኅዳር ላይ አንድ ቁስለኛ ሲመጣ ጠየቃት፤ እሺ ብላ ሰጠች።

አሁን ሲራድን ላስተዋውቃችሁ። ወለተማርያም ተቀጥራ የምትሠራላቸው ሰዎች ውጊያው በተነሣ በሦስተኛው ቀን ቤታቸውን ቆልፈው ሲሸሹ እሷን በር ላይ ትተዋት ሄዱ። ከጎረቤት ወጥታ እጇን ይዛ ያስገባቻት ሲራድ ናት። የሲራድ ባል ጅቡቲ ወደብ ይሠራል፤ ወንድሞቿ ከግንባሩ ማዶ ቀርተዋል። ሁለቱ ሴቶች አንድ ፍራሽ ላይ ይተኙ ነበር። መድፍ ሲተኮስ ሲራድ ፋቲሃ ትቀራለች፣ ወለተማርያም ሰላም ለኪ ትደግማለች። ሲራድ ስሟን መጥራት ቢያቅታት «ወሌ» አለቻት፤ ከዚያ ሁላችንም ወሌ አልናት።

በጥምቀት ማግሥት ሁለት የታጠቁ ሰዎች በመኪና መጥተው ወለተማርያምን ልብስ ከምታጥብበት ግቢ ወሰዷት። «ደሟ ለሁሉም የሚሆነው ሐበሻ» እያሉ ነው ያፈላለጓት። ማን እንደነገራቸው አልታወቀም፤ ደብተሩ ግን ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር የሚውለው። እጇ ሳሙና እንደያዘ ላብራቶሪ አስገቧት።

«ሦስት ወር አልሞላትም፤ አይሆንም» አለ አስረስ።

«ወንድሜ እየሞተ አንተ ወር ትቆጥርልኛለህ?» አለ አንደኛው፤ ጠመንጃውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ወለተማርያም ራሷ አልጋው ላይ ወጥታ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ይውሰዱ ጋሼ፤ ይለፍልን» አለችው።

ወሰደ። ቁስለኛው ተረፈ፤ በኋላ ዋሄን ውስጥ እያነከሰ ሲሄድ አይቼዋለሁ። እሷ ግን ከአልጋው ስትነሣ ወደቀች። አስረስ የደሟን መጠን ቢለካው ሰባት ሆነ። አንዲት ጤነኛ ሴት ከአሥራ ሁለት ማነስ የለባትም።

ስትነቃ፣ «ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ስሜን ለማንም አይስጡብኝ» አለችው።

«አልሰጥም» ብሎ ማለላት። እሷን ሸኝቶ ስሟ ያለበትን ገጽ ከደብተሩ ቀደደና አቃጠለው።

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ረመዳን ገባ። ሲራድ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ተኩሱን ፈርታ ከከተማው ዳር ወደሚገኘው ወደ እናቷ ወደ ሻምሶ ድንኳን ሄዳ፣ ወለተማርያም ቤቱን ለመጠበቅ ቀርታለች። አንድ ሰኞ ፅንሱ ወረደባት። መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ ስለነበር ሆስፒታል የደረሰችው ማክሰኞ ጠዋት፣ በአህያ ጋሪ ነው። የተነጠፈላት ፍራሽ በደም ርሶ ነበር።

ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ሆነ። አስረስ ያን ሲያይ ወደ በሩ ወጣ። ሻምሶን፣ «ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቃለች?» አላት።

«ሁለት። ሁለቱም ቢጫ ሆነው በሳምንታቸው ሞቱ» አለችው።

ገባው። እንዲህ የሆነባት ሴት ሰውነት ከራሷ ዓይነት ያልሆነን ደም እንደ ጠላት ያየዋል፤ ቢሰጣት ደሙ ራሱ ይገድላታል። ዘጠኝ ሰዎች ደም ሊሰጡ መጡ፤ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ከመንገድ የተጠራም ነበረበት። አንዱ «ጾሜ ይፈርሳል?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው ሽማግሌ «ነፍስ ይቀድማል፤ ዝም ብለህ እጅህን ስጥ» አለው። አስረስ የዘጠኙንም ደም ከሲራድ ደም ጋር እያገናኘ አየ። ዘጠኙም ተቋጠረ፤ አንዱም አልተስማማላትም።

ዶክተር ጂብሪል መጥቶ፣ «ያቺ የአገርህ ልጅስ? ኦ ኔጌቲቭ አልነበረችም?» አለው።

«ሄዳለች» አለ አስረስ። «ወደ አገሯ ተሻግራለች።»

ወለተማርያም ያኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ፣ በሲራድ ቤት፣ የሲራድን ልብስ እያጠበች ነበር።

ሻምሶ በር ላይ መሬት ተቀምጣለች። «ልጄ፣ አንድ ሰው እንኳ የለም?» አለችው።

«የለም፣ ኤዶ» አላት። ኤዶ እንደ እኛ እትዬ ማለት ነው።

ሊወጣ ሲል ሲራድ ዓይኗን ገልጣ አየችው። የወለተማርያም አገር ሰው መሆኑን ታውቃለች። «ወሌ ደህና ናት?» አለችው።

«ደህና ናት። ቤትሽን እየጠበቀች ነው።»

«አትንገራት፤ ትደነግጣለች» አለች።

ሲራድ በዐሥር ሶላት ሰዓት ላይ ሞተች።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ከገበያ ስመለስ ወለተማርያምን በሲራድ ቤት በር ላይ አገኘኋትና መርዶውን ያረዳኋት እኔ ነኝ። ጮኸች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ ጀምራ ድንገት ቀና አለች።

«በምን ሞተች?»

«የሚሰጣት ደም ጠፍቶ ነው አሉ። ብርቅ የሆነው ዓይነት ነው፤ በከተማው አልተገኘም።»

«ብርቅ የሆነው?» አለች። ተነሣች። ነጠላዋን እንኳ ሳትለብስ መንገድ ጀመረች። ተከተልኋት። መሮጥ ትሞክራለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፣ እንደገና ትሄዳለች።

አስረስ ብልቃጥ እያጠበ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ነበር የምትለው።

«ደም የለም ያልከው አንተ ነህ?»

ብልቃጡን ማጠብ ቀጠለ።

«መልስልኝ!»

«ደምሽ ሰባት ነበር፣ ወሌ። ሰባት። እንደገና ብወስድብሽ—»

«ዛሬስ ስንት ነው? ትናንትስ ስንት ነበር? ለካኸኝ?»

አልለካም። ሰው ልኮ እንኳ አላስጠራትም።

«ስሜን ለማንም አትስጥ ብለሽ አስምለሽኛል» አላት ቀስ ብሎ።

«ጠመንጃ ይዘው ለመጡት ነው ያልኩህ! ለሲራድ አልኩህ? ሰው ሁሉ በር ሲዘጋብኝ ያስገባችኝን ሴት ነው እኮ! ብሞትስ? የምሞተው እኔ አይደለሁ? እነዚያ ሳይጠይቁ ወሰዱብኝ፤ አንተ ሳትጠይቅ ከለከልከኝ። እኔ መቼ ነው የምጠየቀው?»

አስረስ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። እጇን ዘርግታ አቆመችው። ጨርሳ ወጣች። ብልቃጡ እጁ ላይ እንዳለ ውሃው እየፈሰሰ ቆሞ ቀረ፤ ውሃው በከተማው ብርቅ ነበርና ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ያን ዕለት አብረን ስንመለስ፣ «ሀይደር» አለኝ አስረስ፤ «ብጠይቃት እሺ እንደምትል አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ያልጠየቅኋት።»

«ብትሰጥ ትሞት ነበር?»

«አላውቅም። ትንሽ ብወስድ ሁለቱም ይተርፉ ይሆናል። ሁለቱም ይሞቱም ይሆናል። አላውቅም እኮ ነው የምልህ።»

በማግሥቱ ለዶክተር ጂብሪል እውነቱን ነገረው። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ሌላ ሰው ቢኖረኝ ዛሬውኑ አሰናብትህ ነበር» አለው። ቀጥሎም፣ «ብትነግረኝ ምን እንደምወስን እኔም አላውቅም። ግን አብረን እንወስን ነበር። ብቻህን የሁለት ሴቶች አምላክ ሆንክ» አለው። ይህን ቃል አስረስ ስንት ጊዜ ደግሞ እንደነገረኝ!

አስረስን ግን ይህ አልበቃውም፤ ለሻምሶም ካልነገርኩ አለ። ተው አልኩት፤ አልሰማኝም። ድንኳኗ ድረስ አብሬው ሄድኩ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሲራድን ልብስ ታጥፍ ነበር። ሁሉንም ነገራት፤ ልጅቷ ማን እንደሆነች፣ የት እንደነበረች፣ እሱ ምን እንዳለ።

ሻምሶ አልጮኸችም። ልብሱን አስቀመጠችው።

«ይህን ለምን ነገርከኝ?» አለችው። «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ እንቅልፍ ወስዶኛል። አሁን የሰው እጅ አገባህበት። አንተ ቀለለህ፤ እኔ ምን ላድርገው?»

ስንወጣ «ልጅቷን ወደ እኔ እንዳትመጣ በላት፤ ገና ማየት አልችልም» አለችኝ።

ወለተማርያም ለሲራድ ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች። በሳምንቱ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘች። ልሸኛት ስሄድ አስረስ ለደም የሚሆን የብረት ኪኒን በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ። ከማን እንደሆነ ስነግራት እጄ ላይ መለሰችው። መኪናው ሊነሣ ሲል ደግሞ እጇን ዘርግታ ወሰደችው። ጅጅጋ ደረሰች ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ የለኝም። አስረስ ሁለት ደብዳቤ በሰው ልኮ ነበር፤ መልስ አልመጣም።

እሱ ሥራውን አልተወም። ደብተሩን ግን ተወው። ለእያንዳንዱ ሰው የደሙ ዓይነት የተጻፈበት ካርድ ለራሱ ሰጠ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ዝርዝሩን የሚያዩት እሱና ዶክተር ጂብሪል ብቻ ሆኑ። ደም ሲያስፈልግ መልእክተኛ አይልክም፤ በእግሩ ራሱ ይሄዳል። ቁጭ ብሎ ለማን እንደሆነ ሳይሆን ደም ቢሰጥ ምን እንደሚደርስበት ለሰውየው ይነግረዋል፤ ከዚያ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

አንድ ጊዜ አብሬው ሄጄ ነበር። አንዲት ሻይ ሻጭ ነበረች፤ እሺ እንድትል ልቤ ይመኝ ነበር፤ ሕፃን የያዘች እናት ሆስፒታል ተኝታለች። ሴትየዋ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጣ «አይ፣ አልችልም» አለች።

አስረስ ምክንያት አልጠየቃትም። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሏት ተነሣ። እናቲቱ በማግሥቱ ሞተች። አስረስ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ሌላ ቤት ሊጠይቅ ሄደ።