አባቴ የሚናገርበት ኮምፒውተር

የሞቀ አቧራ ሽታ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ኮምፒውተር ብዙ ሰዓት ሲሠራ ከኋላው በማራገቢያው በኩል የሚወጣውን፣ የተቃጠለ ፕላስቲክና አሮጌ ምንጣፍ የሚሸተውን ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቦሌ አራብሳ ከበላዬ ያለችው ጎረቤቴ ልጇ የሚማርበት ኮምፒውተር ተበላሽቶባት እንዳየው ጠራችኝ። ገና በሩን ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝና ግድግዳውን ተደገፍኩ። "ምነው፣ ደከመሽ እንዴ?" አለችኝ። ደረጃው ነው አልኳት። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ።

ያኔ ወጣቶች ነበርን፤ ከተማው በየማዕዘኑ ፎቅ የሚያበቅልበት ጊዜ። ቤታችን አትላስ አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር፤ ግራና ቀኙ ግንባታ ስለሆነ መስኮት ከከፈትን ሲሚንቶ ነው የምንበላው። ቅዳሜ ከሰዓት ሃያ ሁለት ሰፈር አንዲት ካፌ ውስጥ እንሰበሰባለን። ስለ ኮምፒውተር ካልሆነ ስለ ምንም አናወራም። ራሳችንን "ዕድሩ" እያልን ነበር የምንጠራው፤ የአንዳችን ቤት ኮምፒውተር ሲወድቅ ሁላችንም ተነሥተን እንሄዳለንና። እንደ ዕድር ደንብም ነበረን። ዋናው ደንብ፣ ማንም የገዛ ቤቱን ኮምፒውተር አይነካም የሚል ነው። አንዱ አባላችን የእህቱን የሠርግ ፎቶ ሊያድን ሲል እጁ ተንቀጥቅጦ ሁሉንም ካጠፋ በኋላ የወጣ ደንብ ነው። በሰው ቤት ማንም አይንቀጠቀጥም ብለን እናምን ነበር።

ከዕድሩ ሁለቱን ካወቅህ ይበቃል። አንዱ መነጽራሙ ነው፤ የትኛው የሶፍትዌር ድርጅት የትኛውን እንደገዛ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሃድ ቀድሞ ሰምቶ ይመጣና እንደ ሠርግ ወሬ በደስታ ያወራልናል። ሌላው ጠጋኙ ነው። ዝምተኛ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ልጅ። ሌላው ሰው ለየትኛውም ችግር "ፎርማት ይደረግ" ብሎ ሲገላገል እሱ ፎርማት ማድረግን እንደ ሽንፈት ይቆጥረው ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ መጀመሪያ በታይፕራይተር፣ በኋላ በኮምፒውተር። ጡረታ ሊወጣ ሲል ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁና ምላሱ አብረው ከዱት። ድምፅ ያወጣል፣ ቃል ግን አይሆንለትም። በግራ እጁ እስክሪብቶ ይዞ የጻፈውን ራሱም አያነበውም። ኪቦርድ ላይ ግን ያቺው ግራ እጁ ፊደሎቹን ሳያይ ታገኝለት ነበር። ስለዚህ ሳሎን ያለው አሮጌ ኮምፒውተር የአባቴ አፍ ሆነ። ሲርበው ይጽፋል፣ ሲያመው ይጽፋል፣ እናቴን ለማብሸቅም ይጽፋል። "ጨው የጠፋው ከወጡ ነው ከምላሴ?" ብሎ ጽፎ፣ መጥታ ጮክ ብላ እስክታነብ ይጠብቃታል።

የሚጽፍበት የአማርኛ ፕሮግራም በጣም የቆየ ነበር፤ የፊደሎቹ አቀማመጥ ከታይፕራይተር የተወረሰ። እንደገና መጫን ካስፈለገ ደግሞ ድርጅቱ በስልክ የሚሰጠው የሚስጥር ቁጥር ያስፈልጋል።

አንድ ቅዳሜ መነጽራሙ ማኪያቶው እስኪመጣለት እንኳ አልታገሠም። "ሰማችሁ? ተዋሃዱ" አለ። የዚያ ፕሮግራም ሠሪዎች ከአንድ ተለቅ ያለ ድርጅት ጋር ማለቱ ነው። "አሪፍ ነው፤ አሁን አንድ ስታንዳርድ ይኖረናል። ሁሉም ሰው በላቲኑ ድምፅ፣ ለ ለመጻፍ L፣ መ ለመጻፍ M እየመታ ይጽፋል፣ አለቀ።"

ጠጋኙ ስኳሩን እያማሰለ "ተዋሃዱ አትበል ባክህ። ትልቁ ትንሹን ዋጠው በል" አለው።

እኔ ያሰብኩት አባቴን ነው። ድርጅቱ ከተዋጠ ያንን ቁጥር ማን ይሰጣል? የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ሰሞን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር አባቴን አያለሁ፤ እሱም ሰምቶ እኔን ያያል። ደንብ ነውና ለዕድሩ ነገርኩ፤ በሳምንቱ መጡ።

እናቴ አምባሻ ቆርሳ ሻይ አቀረበችላቸው። "ልጆቼ አደራ፤ ይሄ ሌላ ዕቃ አይምሰላችሁ" አለቻቸው። ጠጋኙ ጆሮውን ለጥፎ ካዳመጠ በኋላ ወደ አባቴ ዞረ። "አባባ፣ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው። ሳይሞት እንዳለ ወደ አዲስ ዲስክ እንገልብጠው። ከተገለበጠ ፕሮግራሙም አብሮ ይመጣል፣ ቁጥር ምናምን አያስፈልገንም፤ አያስቡ።" ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ሲል አባቴ "ቀስ በሉ" ብሎ ጻፈ።

ጠጋኙ አሮጌውንና አዲሱን ዲስክ ጎን ለጎን ሰካቸው፤ መልካቸውም መጠናቸውም አንድ ነው። ይሄኔ መነጽራሙ አምባሻውን እየጎረሰ የውህደቱን ወሬ አነሣ፤ የድሮውን አቀማመጥ መጣል ለአገር እንደሚጠቅም ያስረዳ ጀመር። ዝምተኛው ጠጋኝ ይህን ወሬ መቻል አቃተው። "አንተ የሚጣለውን ሰው መቼ አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ ዞረበት። የመገልበጫው ፕሮግራም ከየትኛው ዲስክ ወደ የትኛው እንደሚገለበጥ ሲጠይቀው መልሱን የተጫነው ፊቱን ወደ መነጽራሙ አዙሮ ነው። እኔ የፈራሁት መብራት እንዳይሄድ ስለነበር ዓይኔን ከአምፖሉ አልነቀልኩም። መብራት አልሄደም፤ ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ብቻ ሳሎኑን ሞላው።

ሲያልቅ አዲሱን ዲስክ ብቻ አስገብቶ አበራው፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አሮጌውን መለሰ፤ ያው ጥቁር ነው። ሁለቱንም አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጣቸውና እያገላበጠ ይመለከታቸው ጀመር።

"ባዶውን ሙሉው ላይ ገለበጥኩት" አለ።

እናቴ አልገባትም። "ታዲያ ተገለበጠ አይደል?" አለች። አባቴ ግን ገብቶታል። ግራ እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖራት።

ሰኞ ቁጥሩን ልጠይቅ ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ ትሁት ነበረች። "የድሮው እኮ ቀርቷል እህቴ። አዲሱን ውሰዱ፣ ይሻላችኋል።" አዲሱን ፕሮግራም አምጥተን ጫንን። የአባቴ እጅ እንደ ልማዷ በየቦታዋ ስታርፍ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ሆነ። በላቲን እያሰበ አማርኛ እንዲጽፍ ብናስተምረው አንድ ቃል ለመጨረስ ላብ ያጠምቀዋል፤ ከዚያ ይተወዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፊቱ ጠቁሮ ግራ እጁን ሲያወናጭፍ ደረስንበት። እናቴ ተንበርክካ ከእግሩ ጀምራ "እዚህ ነው? እዚህስ?" እያለች ሰውነቱን ዳሰሰች። ሆዱ ነበር፤ አለፈለት። ሌላ ጊዜ ልቡ ቢሆንስ? እስክናገኘው ድረስ ቢረፍድስ? ከዚያ ወዲያ ከእኔና ከእናቴ አንዳችን ሳንኖር ሳሎኑ አይውልም። ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ ከጓዳ እንሮጣለን፤ ዝም ሲልም እንሮጣለን። እንደዚያ ጊዜ ፈርቼ አላውቅም።

ደንቡን ጥሼ የገዛ ቤቴን ኮምፒውተር የነካሁት ያኔ ነው። አዲሱ ፕሮግራም የፊደሎቹን ቦታ አንድ በአንድ ለመቀየር ይፈቅድ ነበር። ችግሩ የድሮውን አቀማመጥ የሚያውቅ መጥፋቱ ነው። ዕድሩ ከተማውን አሰሰ፤ መነጽራሙ እንኳ ወሬውን ትቶ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። ያ አቀማመጥ የቀረው በአባቴ ግራ እጅ ውስጥ ብቻ ነበር። ልጆች ሀ ሁ የሚቆጥሩበትን የፊደል ገበታ ከመንገድ ዳር ገዝቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና በእንጨት እየጠቆምኩ እጠይቀው ጀመር። ልጅ ሳለሁ እንጨቱን የሚይዘው እሱ ነበር። ፊደሉን ብቻ ስጠቁመው ግን ጣቱ አየር ላይ ይቀራል። ቃል ስሰጠው ደግሞ ሳያስብ ይሄዳል። ስለዚህ ቃል በቃል ሆንን፤ "ጨው" እለዋለሁ፣ "ዣንጥላ" እለዋለሁ፣ ጣቱ ያረፈበትን ጠጋኙ ይመዘግባል። ጠጋኙ በየቀኑ ይመጣል፤ የአባቴን ፊት ግን አያይም። አንድ ቀን አባቴ በዚያችው እጁ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርገው ልጁ አቀርቅሮ ቀጣዩን ፊደል መዘገበ።

የጨረስን ዕለት ጠጋኙ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። እናቴ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። አባቴ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። ቀልድ ይሆናል ብዬ ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

"በጣም ፈርቼ ነበር" ብሎ ጻፈ።

በእነዚያ ሳምንታት እኔና እናቴ ስለ ፍርሃታችን ያላወራነው የለም፤ እሱን ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም። መናገር አይችልም ብለን ይሆናል። ራሱን መነቅነቅ ግን ይችል ነበር እኮ። ከሥሩ ደግሞ "እናትሽ ሳታየው አጥፊው" አለኝ። የመክተፊያው ድምፅ ሲቆም አጠፋሁት።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ "ምን አለ?" አለችኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት አባቴ "ወጡ እንዳያርርብሽ" ብሎ ጻፈላት። ጮክ ብላ ልታነብ ጀምራ መጨረስ አቃታት።

አባቴ ከዚያ በኋላ እስኪያልፍ ድረስ ብዙ ጻፈ። ስለ ወጥ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ጎረቤት፤ ሁሉንም ሳላጠፋ አስቀምጫለሁ። ሲናፍቀኝ እከፍትና አነባለሁ። እያነበብኩ ግን የምፈልገው ያንን ያጠፋሁትን ነው።