ግማሽ ክፍት በር

እናቴ ቤቷን ለእኔ እንደሰጠች በሕይወት ሳለች፣ ጎረቤት ባለበት ተናግራለች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚያውቀን ሁሉ ይህን ያውቃል። አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ያጠብኳትም፣ ያገላበጥኳትም እኔ ነኝ። ከነቤተሰቡ እዚያው አብሮን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜም ያውቃል። የምጽፈው ያንን ቤት እንዴት እንዳጣሁት ነው። የቀረው ኑሮዬ ማንንም አይመለከትም።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን የወንድሜ ልጅ ከዓረብ አገር ተመለሰች። አገር ቤት ሥራ ይኖራል ብላ ነበር። ሥራው አልተገኘም። ቤት ስትውል ጊዜ፣ እዚያ የአሠሪዎቿ ልጆች ሰው ሲጎድልባቸው እያስቀመጡ ያለማመዷትን ጨዋታ አስተማረችን። እያንዳንዱ የሌላ ሰው ኑሮ ይይዛል፤ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሐኪም ይሆናል። አጫዋቿ እሷ ናት፤ ታሪኩን ታወራለች፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፣ ይሳካ አይሳካ እንደሆነ ለማወቅ ባለ ነጥቡ ዛራ ይጣላል። ወንድሜ ዛራ ሐራም ነው ብሎ ስለጮኸ፣ አንድ ጎናቸውን በከሰል ያጠቆርናቸውን የበቆሎ ፍሬዎች እንጥል ነበር። ከዚያ እሱም ገብቶ ሐኪም ሆነ።

ለእኔ የደረሰኝ የከተማ በር ጠባቂነት ነው። ማን እንደመረጠልኝ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ሁለት ደንብ ተጋጨብኝ። በር ጠባቂ ከበሩ ከራቀ ከጨዋታው ይወጣል። ቃል የገባለት ሰው ጠርቶት ያልደረሰም ይወጣል። የወንድሜ ሚስት ነጋዴ ነበረች፤ እደርስልሻለሁ ብያት ነበር። መንገድ ላይ ሽፍታ ያዘኝ ብላ ጠራችኝ። ብሄድም ወጣሁ፣ ብቀርም ወጣሁ።

"ሂጂ፣ አክስቴ" አለች አጫዋቿ። "ሁለት ደንብ ሲጋጭ ለይቶ የተነገረው በጅምላ ከተነገረው ይቀድማል። አንቺ ቃል የገባሽው ለእሷ ለይተሽ ነው። አትወጪም።"

"ይሄ ምን ፍርድ ነው?" አለ ወንድሜ። "ሽማግሌ ባለበት አገር!"

በደጅ የሚያልፉትን ሽማግሌ ጎረቤት ጎትቶ አስገብቶ ለሽምግልና አስቀመጣቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ያካፍላል እንጂ አንዱን ወገን ባዶ እጁን አይሸኝም። ስለዚህ ፈረዱ፤ እኔ ከበሩ ሳልርቅ ዱላዬን ለነጋዴዋ እልካለሁ፣ በሩም ግማሹ ይከፈታል።

"ግማሽ ክፍት በር ደግሞ ምን ያስገባል?" አለች ልጅቱ።

"ፍየል ያስገባል፣ በሬ አያስገባም። እናትሽም በወርዷ አታልፍበትም።"

"አንተ ሐኪም፣ መጀመሪያ ያንተን ምላስ አክም!" አለችው ሚስቱ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰበት ዓመት፣ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከውጫሌ በኩል መሰማት ሲጀምር ወንድሜ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ተነሣ። እናቴ መራመድ አትችልም። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ቤቱን እንዳትለቂ። እማዬን አደራ።"

"ጋሼ፣ ሁለቱ ቢጋጩስ?"

"ምኑ ነው የሚጋጨው? ጨዋታ መሰለሽ እንዴ!"

ልጁ ሻንጣዋን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ሰምታለች።

ተጋጨ። ሰፈራችን መመታት ሲጀምር እናቴን ምግብ ዘጋት። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትንፋሿ ይቆረጣል። "ከዚህ አውጪኝ" አለችኝ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን፣ አባትና ልጅ፣ በቃሬዛ ተሸክመው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካሉ ዘመዶቻችን ዘንድ አደረሱልኝ። እዚያ ጥቂት ሰነበተች። የሰው ድምፅ ብቻ በሚሰማበት ጸጥታ ውስጥ፣ እጄ ላይ አረፈች። እኔ ስመለስ ቤቱ በሩ ተነቅሏል፣ ከጣሪያው ቆርቆሮም ግማሹ የለም።

ወንድሜ መጥቶ ለእናቱ አለቀሰ፤ እንባው ሳይደርቅ ሽማግሌ ሰበሰበ። ዱዓ ተደረገ።

"ጠብቂ ብያት ጥላው ሄደች" አላቸው። "ያልጠበቀችውን ቤት በምን አፏ የእኔ ትላለች?"

"እማዬን አደራ አላልከኝም?"

"እቤቷ ውስጥ ነዋ!"

"እቤቷ ውስጥ ብትሞትስ?"

"እሱ የአላህ ሥራ ነው።"

ወደ ልጁ ዞርኩ። ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች። "እስቲ ያንን ደንብሽን ንገሪያቸው" አልኳት። "ለይቶ የተነገረው ይቀድማል ያልሽውን።"

አባቷን አየች።

"ያ እኮ ጨዋታ ነው፣ አክስቴ" አለች።

ሽማግሎቹ አካፈሉ። ዋናው ቤት ለወንድሜ፣ ከኋላ ያለው ማድ ቤት ለእኔ። ማንንም አላስከፋንም ብለው መርቀው ተነሡ። የእናቴን ቃል የሰማው ጎረቤትም መሐላቸው ነበር፤ አሜን አለ።

ልጅቱ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄዳለች። በስልክ ሰላምታ ትልካለች፤ አልቀበልም። ወንድሜ አዲስ የብረት በር አስገጥሟል፤ ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም። ከሚስቱ ጋር ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ደሴ ሲሄዱ ግቢው መሐል ቆሞ ይጠራኛል።

"ቤቱን እንዳትለቂ" ይለኛል።

አሁን ምንም አልጠይቀውም። በርጩማዬን አወጣና በተቆለፈው በር ፊት እቀመጣለሁ።